ወንበር ላይ ስለ ተሰቀለ ኮት

ውሸት በአንደበት ብቻ የሚነገር ይመስለናል። ሰው ዝም ካለ ሐሰት አልተናገረም፤ ካልተናገረም አልበደለም ብለን የምንፈርድ ብዙዎች ነን። ነገር ግን ምላስ ሳይንቀሳቀስ፣ ከንፈርም ሳይከፈት የሚነገር ውሸት መኖሩን ሊረዳ የሚወድ ሰው፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ጥቂት ሰዓት በአግዳሚው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይበቃዋል። በዚያም ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ወንበር፣ በወንበሩም መደገፊያ ላይ አንድ ኮት ያያል። ኮቱ ትከሻው ቀጥ ብሎ፣ እጅጌዎቹ ወደ ታች ወርደው፣ ባለቤቱ አሁን ብድግ ብሎ አሁን የሚመለስ አስመስሎ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ግን የለም። ምናልባት ከቁርስ ሰዓት ጀምሮ የለም፤ ምናልባትም ኮቱ ከትናንት ጀምሮ እዚያው አድሯል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲገቡበት ግን ጥልቅ የሆነ ነው። ይኸውም፦ ሰው በሌለበት ኮቱ «አለሁ» ቢል፣ የዋሸው ማን ነው? የተዋሸውስ ሰው ምኑን ተበደለ?

ኮት በደጋ አገር ሰበብ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ፣ ጠዋት ሲበርድ ይለበሳል፤ ፀሐይ ስትጠነክር ይወልቃል። ስለዚህ በወንበር ላይ የተገኘ ኮት፣ «ሞቆት አውልቆት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩን በግልጥ ለማየት ግን ብርድ የሚባል ሰበብ ወደሌለበት አገር መውረድ ይበጃል። ስለሆነም አንባብያንን ወደ ሮቢት ይዘን እንወርዳለን።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎብዬን አልፎ ቆቦ ከመድረሱ በፊት የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ተጋድሟል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ የሚግል ሜዳ ነው። የአገሩ ገበሬ ሽርጡን ታጥቆ፣ ዱላውን በትከሻው አግድሞ ሲሄድ ላየው ሰው፣ ሙቀት እንዴት እንደሚለበስ አዋቂው እርሱ ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ ኮት ለብርድ አይለበስም። ለምን ይያዛል ቢሉ፣ ለማዕረግ ነው። በጠዋት በክንድ ተንጠልጥሎ ወደ መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል፤ ማታም በክንድ ተንጠልጥሎ ይመለሳል። ስለዚህ በቆላ አገር ኮት ሰውን አያለብስም፤ ወንበርን ነው የሚያለብሰው። ሮቢትን መምረጣችንም ልማዱ በእርስዋ ስለሚብስ አይደለም፤ ልማዱ የአገር ሁሉ ነው። የቆላው ሙቀት ግን ከኮቱ ላይ ሰበቡን አውልቆ ምልክትነቱን ብቻውን ስለሚያሳየን ነው።

ኮቱ ብቻውን አይሠራም፤ ረዳቶች አሉት። ክዳኑ የተነሣ እስክሪብቶ፣ ተከፍቶ የቀረ ማኅደር፣ በማኅደሩ ላይ የተቀመጠ መነጽር፣ ግማሹ የተጠጣ ሻይ፣ በዘመናችንም ሳይጠፋ የተተወ ኮምፒዩተር፣ ሁሉም ተባብረው የኮቱን ምስክርነት ያጸኑለታል። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚናገረው ሻዩ ነው። ትኩስ ከሆነ ባለቤቱ ቅርብ ነው፤ ከቀዘቀዘ ርቋል፤ ዝንብ ከገባበት ግን ባለጉዳዩ ወደ ቤቱ ቢሄድ ይሻለዋል። ልምድ ያለው ባለጉዳይ ይህን ሁሉ ማንበብ ያውቃል፤ ፊደል ያልቈጠረው እንኳ ጠረጴዛ ማንበብ ይችላል።

አለቆችም ይህን ብልሃት ሳያውቁት አልቀሩም። የፊርማ መዝገብ በበሩ አጠገብ አኖሩ፤ ፊርማው በጠዋት ገባ፤ ሰውየውም በጠዋት ወጣ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤት የጣት አሻራ የሚቀበል መሣሪያ ተተከለ፤ ጣቱም በማለዳና በማታ እየመጣ በታማኝነት መሰከረ። ፊርማው ገብቷል፤ ጣቱ መስክሯል፤ ኮቱ ተቀምጧል፤ የጐደለው ሰውየው ብቻ ነው።

ከረዳቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን በአጠገብ ያለው የሥራ ባልደረባ ነው። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ገብተው፣ «ልጄ፣ ጌታው የሉም እንዴ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «አሉ አባቴ፤ ሩቅ አልሄዱም፤ ኮታቸው ይኸው አይደለም? ይቀመጡ» ይላቸዋል። ይህን መልስ ቃል በቃል ብንመረምረው ሐሰት አይገኝበትም። ኮቱ በእርግጥ አለ። ሩቅ አለመሄዳቸውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ሩቅ የሚባል ቦታ ብዙ አይደለምና። «ይቀመጡ» ማለትም ለሽማግሌ የሚገባ አክብሮት ነው። ሦስቱ ደኅና ቃላት ሲደመሩ ግን አንድ ውሸት ይወልዳሉ።

ከዚህም የምንማረው፣ ውሸት የሚኖረው በቃሉ ውስጥ ሳይሆን፣ ቃሉ በሰሚው ልብ እንዲተክለው በታሰበው ነገር ውስጥ መሆኑን ነው። ኮቱን የሰቀለው ሰው ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ሽማግሌው አይተው ምን እንደሚያምኑ አስቀድሞ አውቋል፤ እንዲያምኑትም ፈልጓል። ስለዚህ የፊተኛው ጥያቄያችን መልስ ብዙ አያስቸግርም። ጨርቅ አይዋሽም፤ የዋሸው ጨርቁን የሰቀለው ሰው ነው፤ ባልደረባውም ምስክር ሆኖ ቆሞለታል።

ነገር ግን አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይህን ያህል የመታመን ኃይል ከየት አገኘ? ከወንበሩ ተበድሮ ነው። በጥንቱ ዘመን ሥልጣን ከሰው ጋር የሚዞር ነገር ነበር። ንጉሡ በሰፈሩበት ድንኳን መንግሥት አለ፤ ሲነሡም አብሮ ይነሣል። አቤት ባይ ጌታው ያሉበትን ደጅ ይጠናል፤ ጌታው የሄዱ እንደሆነም መሄዳቸው አይሸሸግም፤ ሠራዊቱ ተንቀሳቅሶ፣ አጋሰሱ ተጭኖ ሲወጣ ማን ይሳሳታል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ሥር መስደድ የጀመረው ሥርዓት ግን ሌላ አሳብ ይዞ መጣ። ሰው ይሾማል፣ ሰው ይሻራል፣ ሰው ይሞታል፤ ወንበሩ ግን ይኖራል የሚል አሳብ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ቬበር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ መሥሪያ ቤት አስተዳደር ሲጽፍ፣ ከዋና ዋና ነገሮች አንዱ አድርጎ የቈጠረው ይህንኑ የሥራውንና የሠራተኛውን መለየት ነበር። ለእኛም ቢሆን አሳቡ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ በቀድሞው ችሎት ፈራጁ ራሱ «ወንበር» ይባል ነበርና።

ይህ ታላቅ አሳብ ነው። ድኻ ሰው ባለሥልጣን ዘመድ ሳይኖረው፣ እጅ መንሻም ሳይዝ፣ መብቱን ብቻ ይዞ እንዲመጣ የሚያስችለው እርሱ ነው። ባለጉዳዩ ከጠረጴዛው ኋላ ያለውን ሰው በስም እንኳ ላያውቀው ይችላል፤ ወንበሩን ግን ያምናል። ወንበሩን ስላመነም በላዩ የተሰቀለውን ያምናል። ኮቱ የሚበላው አደራ እንግዲህ ይህ ነው።

የኮትንና የጸሐፊን ነገር ካነሣን ሩሲያዊውን ደራሲ ኒኮላይ ጎጎልን አለመጥቀስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «ካፖርት» በተባለው ታሪኩ፣ አካኪ አካኪየቪች የሚባል ድኻ ገልባጭ ጸሐፊ በሴንት ፒተርስበርግ ብርድ ተሠቃይቶ፣ ከሆዱም ቀንሶ ካፖርት ያሰፋል፤ ወዲያው ግን ወንበዴዎች ይገፉታል። አቤት ሊል ወደ አንድ ታላቅ ሰው ቢሄድ፣ ታላቁ ሰው ሥራ ሳይኖረው፣ ከወዳጁ ጋር እየተጫወተ፣ ክብሩን ለማሳየት ብቻ ደጅ ያስጠብቀዋል፤ ቈይቶም አስገብቶ በቍጣ ያባርረዋል። ጸሐፊውም ታሞ ይሞታል። በዚያ ታሪክ ካፖርቱ ከሰውየው ቢለይ ሰውየው ሞተ። በእኛ መሥሪያ ቤት ሰውየው ከኮቱ ሲለይ እርሱ ደኅና ነው፤ የሚጐዳው በደጅ የተቀመጠው ነው።

ሆኖም ፍርድ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አይሰጥምና ባለኮቱም የሚለውን እንስማው። በመጀመሪያ፣ «ቀብር ነበረብኝ» ይላል። ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። በትንሽ ከተማ ጐረቤቱ ሞቶ ያልቀበረ ሠራተኛ፣ ጉዳይ በመፈጸም ቢመሰገንም እንኳ ሰው አይባልም። ደግሞም ባለጉዳዩና ባለኮቱ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በዚያው ቀብር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ማንን አይከስስም። ሁለተኛ፣ «ደመወዙ ወሩን አያደርሰኝም፤ ልጆቼን ለማሳደር ሌላም ሥራ መፈለግ አለብኝ» ይላል። ይህም የሚያሳዝን እንጂ የሚያስቅ አይደለም። ሦስተኛውና ብርቱው ምክንያት ግን፣ «የእኔ ሥራ በወንበር ላይ አይደለም» የሚለው ነው። የግብርና ሠራተኛ ወደ ማሽላው ገብቶ አቀንጭራ መብቀል አለመብቀሉን ማየት አለበት፤ የጤና ሠራተኛዋም ከቤት ወደ ቤት መዞር አለባት። የእነዚህ ሰዎች ወንበር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ሁልጊዜ ሞልቶ ቢገኝ ግን ያጠራጥራል።

በወንበር ላይ መገኘትም በራሱ ሥራ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው ታሪኩ፣ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ጠበቃ ቢሮ የሚሠራ በርትልቢ የሚባል ጸሐፊ አሳይቶናል። በርትልቢ ከመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም እዚያው ያድራል፤ ሥራ ሲሰጠው ግን በጨዋነት እንቢ ይላል። የፊርማ መዝገብ ቢኖር ኖሮ በርትልቢ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ በሆነ ነበር። በእኛም ዘንድ እንዲህ ያሉ አሉ፤ ሰውነታቸው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ልባቸው በሌላ ቦታ የሚውል፣ ባለጉዳይ ቆሞ ሳለ ዓይናቸውን ከእጅ ስልካቸው የማያነሡ። የእነርሱ ኮት የተሰቀለው በወንበሩ ላይ ሳይሆን በገዛ ትከሻቸው ላይ ነው።

እንግዲህ መገኘት ሁልጊዜ በጎ፣ አለመገኘትም ሁልጊዜ ክፉ ካልሆነ፣ በደሉ ምን ላይ ነው? ሽማግሌው ምናቸውን ተወሰደባቸው? ብዙ ሰው «የመንግሥት የሥራ ሰዓት ተሰረቀ» ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር የተሰረቀ ይመስለናል፤ ይህንንም ለመረዳት የራያን ጎርፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

በራያ ቆላ በማሳው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብዙ ጊዜ ብቻውን ማሽላን አያደርስም። ስለዚህ ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። በምዕራብ ካለው ተራራ ላይ ዳመና ሲጠቍር ከሜዳው ሆኖ ያያል፤ ከዚያም ውሃው ደረቅ ሆኖ በከረመው ወንዝ እየጮኸ ይመጣል። ገበሬው በአፈርና በድንጋይ፣ በእንጨትና በቅጠል ባበጀው ግድብ ጎርፉን ወደ ቦይ፣ ከቦዩም ወደ ማሳው ይመራዋል። ውሃው ሲበዛ ማስተንፈስ፣ ግድቡ ሲሸረሸር መጠገን ያስፈልጋልና አካፋ ይዞ የሚቆም ሰው የግድ ነው። ጎርፉ በሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። በዚያች ሰዓት ያልተገኘ ገበሬ፣ ውሃው ማሳውን ትቶ ከሄደ በኋላ የሚያገኘው ደለሉን ብቻ ነው። ጎርፍ «ነገ ና» አይልም፤ በማሳ ዳር የተሰቀለ ጋቢም ውሃ አይመልስም።

አሁን ያን ሽማግሌ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው እናስባቸው። የመጡት ስለ መሬት ይዞታ ደብተራቸው ሊሆን ይችላል፤ ከሟች ወንድማቸው የቀረ የውርስ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ከዞብል ግርጌ በእግራቸው መጥተዋል። በመስኮቱ በኩል በደጋው ላይ ዳመና ሲጠቍር ያያሉ። ወንበሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም አንድ ሰው «ዛሬ አይመለሱም» ቢላቸው ኖሮ፣ ተነሥተው ወደ ማሳቸው በሄዱ ነበር። ጉዳያቸው ባይፈጸምም ማሽላቸውን ባዳኑ ነበር። ኮቱ ግን «ጥቂት ይቈዩ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ብሄድና አሁን ቢመጡስ? የመጣሁበት መንገድ ከንቱ ሊቀር ነው» እያሉ በሁለት አሳብ ተይዘው ተቀመጡ። ሲመሽ ሁለቱንም አጡ።

ኮቱ የሰረቀው እንግዲህ የሠራተኛውን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌውን ምርጫ ነው። ሰው እውነቱን ካወቀ፣ እውነቱ መራራ ቢሆንም እንኳ፣ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፈው ራሱ ይወስናል። እውነቱን የተሸሸገ ሰው ግን ቀኑ የእርሱ መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ሰው በሌለበት ሆኖ ያዝበታል። ባለኮቱ ሁለት ሰዓት አጠፋ ብንል፣ ያ ሁለት ሰዓት በእርሱ ዘንድ የአንድ ቀን ቁራጭ ነው፤ በሽማግሌው ዘንድ ግን የአንድ ዓመት እህል ሊሆን ይችላል። ሰዓት በሁሉም ግድግዳ ላይ እኩል ይቈጥራል፤ በሰው ኑሮ ላይ ግን እኩል አይመዝንም።

ስለዚህ አለመገኘት አንድ ነገር፣ አለመገኘትን መሸሸግ ሌላ ነገር መሆኑን መለየት ይገባናል። ለፊተኛው ምክንያት ይኖረዋል፤ ቀብር፣ በሽታ፣ የመስክ ሥራ፣ የኑሮ ችግር። ለኋለኛው ግን ምክንያት ፈልገን አላገኘንለትም። ወደ ቀብር መሄድ ግድ ቢሆን፣ ኮትን ትቶ መሄድ ግድ አይደለም።

ምናልባት፣ «ኮቴን ይዤ ከወጣሁ አለቃዬ ይቀጣኛል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በዚህ በኩል በደሉ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። አለቃ ወንበር ከቈጠረ ሠራተኛ ወንበር ይሞላል፤ አለቃ ጉዳይ ከቈጠረ ሠራተኛ ጉዳይ ይፈጽማል። በኮት የሚረካ አለቃ የበታቾቹን ውሸት ሲያስተምር የሚኖር መምህር ነው። ይህ ግን የሠራተኛውን ዕዳ ያቀልለታል እንጂ አይሰርዝለትም፤ ከአለቃው ቍጣ ለመዳን ሲል ዕዳውን የሚያስከፍለው ምንም ያላደረጉትን ሽማግሌ ነውና።

ይህ ኮት በቃልም የተሰፋ ወንድም አለው፤ እርሱም «ነገ ና» ነው። «እናየዋለን»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «ኮሚቴ ይዞታል» የሚሉትም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ባለጉዳዩ ቅር ሲለው ደግሞ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሎ በተረት ይሸኛል፤ እንቁላሉ ግን የሚሄደው ከተፈለፈለ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት የሚከብደን ጨዋነት አለን። ይህ ጨዋነት በእንግዳ ፊት ያማረ ነው፤ በባለጉዳይ ፊት ግን ወደ ጭካኔ ይለወጣል። «አይሆንም» የተባለ ሰው አዝኖ ይሄዳል፤ ወይ ይግባኝ ይላል፣ ወይ ተስፋውን ቈርጦ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። «ነገ ና» የተባለ ሰው ግን አያዝንም፣ አይደሰትም፣ አይሄድም፣ አይቀመጥም፤ ኑሮው እንደ ኮቱ ተሰቅሎ ይቀራል።

ሕግም ይህን በደል ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው ተቋም «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ተብሎ መሰየሙ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ በመሥሪያ ቤት ደጅ እንባ እንደሚፈስ ስሙ ራሱ ይመሰክራልና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያዛል። ምክንያቱ የተገለጠለት ሰው በእውነት ላይ ቆሞ መከራከር ይችላል። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ከወንበሩ ሲነሣ ኮቱን ያንሣ አያንሣ የሚል አዋጅ ሊወጣ አይችልም፤ ቢወጣም የሚያስፈጽመው ሰው ኮቱን ሰቅሎ ይጠፋ ይሆናል። በዚህ ስፍራ ሕግ ያበቃና ኅሊና ይጀምራል።

ነገሩን እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ የቅርቡን ጊዜ ያስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ባለፈ ጊዜ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። መሥሪያ ቤት ሲዘረፍ ወንበሩም ይሄዳል፤ መዝገቡም ይበተናል። መዝገብ በሌለበት ለባለጉዳይ የሚቀርለት፣ «እኔ አውቃለሁ፤ ማሳው የእርሳቸው ነው» የሚል የአንድ ሠራተኛ ቃል ነው። ያ ቃል በክፉ ቀን የሚታመነው፣ ተናጋሪው በደኅናው ቀን ባልዋሸበት መጠን ነው። በኮት የባከነ እምነት በችግር ቀን ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ሁልጊዜ በወንበራችሁ ላይ ተገኙ አንልም፤ ሰው ናችሁና፤ ሥራችሁም ሁሉ በወንበር ላይ አይደለምና። ስትወጡ ግን ኮታችሁን ይዛችሁ ውጡ። መቼ እንደምትመለሱም ለባልደረባችሁ ንገሩት፤ እርሱም ለሚጠይቀው ሁሉ እንዳለ ይንገር፤ ካልተመለሳችሁም «ዛሬ አይመለሱም» ይበል። ባዶ ወንበር ያሳፍር ይሆናል፤ ግን እውነት ይናገራል። ሽማግሌውም ባዶውን ወንበር ካዩ በኋላ ቀና ብለው የደጋውን ዳመና ይመለከታሉ፤ መቀመጡን ወይም መሄዱን የሚመርጡት እርሳቸው ይሆናሉ።